ሜምፊስ ከገባችሁ ስታክስ ይቅደም

አሜሪካ፣ ቴነሲ ውስጥ ከናሽቪል እስከ ሜምፊስ ሦስት ሰዓት ገደማ ያስነዳል። መንገዱ ጥሩ ነው፣ ብዙ የሚታይ ነገር ግን የለውም። መኪና ውስጥ ክርክሩ ደራ። ጓደኞቼ የኤልቪስን ቤት ካላየን አሉ። እኔ ደግሞ መጀመሪያ ስታክስ፣ የድሮው የሶል ሙዚቃ ሸክላ አሳታሚ ቤት፣ ብዬ ሙጭጭ አልኩ። ረታሁ።

ስታክስ ከመሀል ከተማ ወጣ ብሎ ማክሌሞር የሚባል ጎዳና ላይ ነው። ቦታው ድሮ ሲኒማ ቤት ነበር። ጂም ስቱዋርትና እህቱ ኤስቴል አክስተን ተከራይተው የቀረጻ ስቱዲዮ አደረጉት። ኤስቴል ከፊት በኩል፣ ከረሜላ ይሸጥበት በነበረው ቦታ፣ ሸክላ ቤት ከፈተች። የሰፈሩ ልጆች ሸክላ ሊሰሙ እየመጡ እዚያው ሙዚቀኛ ሆነው ቀሩ። ቡከር ቲ ጆንስ ከነሱ አንዱ ነው።

የድሮው ሕንፃ እ.ኤ.አ. በ1989 ፈርሷል። አሁን ያለው እዚያው ቦታ ላይ እንደ ጥንቱ ተሠርቶ በ2003 የተከፈተ ሙዚየም ነው። የስቱዲዮው ወለል ተዳፋት ነው። ሲኒማ ቤት እያለ እንደዚያ ነበር፣ እነ ስቱዋርትም አላስተካከሉትም። ለስታክስ የተለየ ድምፅ የሰጠው ይሄ ወለል ነው ይባላል። ሙዚየሙን የሠሩት ሰዎች ተዳፋቱን እንኳ አልረሱትም። ቆማችሁበት ስታዩት እግራችሁ ይነግራችኋል።

ከዚያ የስታክሱ ዘፋኝ የኦቲስ ሬዲንግ ዘፈን ተለቀቀ። እሱ አንድ ስንኝ ይላል፣ ትራምፔቱና ሳክስፎኑ ቆረጥ አድርገው ይመልሱለታል። ልቤ ዘለለ። ይሄንን ድምፅ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ! የኢትዮጵያው ኤልቪስ ይሉት የነበረው አለማየሁ እሸቴ ከኋላው የሚሰማው ይሄው ነው። ቅኝቱ የራሳችን ነው፣ የትንፋሽ መሣሪያው ድምፅ ግን የዚህ ሰፈር ዘመድ ነው።

አምሃ እሸቴም ትዝ አለኝ። እሱም አዲስ አበባ ላይ ሸክላ ቤት ነበረው። ሸክላ ማሳተም በመንግሥት እጅ ብቻ በነበረበት ጊዜ ደፍሮ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሪከርድስን አቋቋመ፣ አለማየሁንም አሳተመ። ስታክስ በ1975 ከስሮ ተዘጋ። አምሃም በዚያው ዓመት፣ ደርግ ከመጣ በኋላ፣ ሥራውን ትቶ አገር ለቀቀ። ሁለቱም ሙዚቃ ቤቶች ገና ብዙ ሊሠሩ ሲችሉ መቀጨታቸው እስካሁን ይቆጨኛል።

ቀጥለን ሎሬን ሞቴል ሄድን። ማርቲን ሉተር ኪንግ በኤፕሪል 4፣ 1968 የተገደለው እዚህ ነው። አሁን ሙዚየም ሆኗል፣ 306 ቁጥር ክፍል በረንዳ ላይ የአበባ ጉንጉን ተሰቅሏል። እኔ የማላውቀው የነበረው ሌላ ነገር ነው። የስታክስ ሙዚቀኞች፣ ጥቁሩም ነጩም፣ አብረው የሚያርፉበትና የሚበሉበት ቤት ይሄው ሞቴል ነበር። ስቲቭ ክሮፐርና ኤዲ ፍሎይድ እዚሁ ቁጭ ብለው ዘፈን ጽፈዋል፤ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ጥቁር። ያኔ በዚያች ከተማ ይሄ ቀላል ነገር አልነበረም።

ማታ ቢል ስትሪትን ዞርን። የኒዮን መብራት፣ ግርግር፣ ከየበሩ የሚወጣ ብሉዝ። ደስ ይላል፣ ግን አንድ ሰዓት ይበቃዋል።

ግማሽ ቀን ብቻ ካላችሁ በጠዋት ስታክስ ግቡ። ከዚያ ሎሬን ሂዱ፣ በመኪና ጥቂት ደቂቃ ነው። ቢል ስትሪትን ለእራት አቆዩት።