ነጋሪት ጋዜጣውን ሳልይዝ የሄድኩ ዕለት

ደሴ ላይ ሕግ እየተማራችሁ «ዓለም አቀፍ ሕግ እወዳለሁ» ካላችሁ የምትሰሙት ምክር አንድ ነው፤ አዲስ አበባ ሂዱ። የአፍሪካ ኅብረት እዚያ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን እዚያ ነው። ኤምባሲው ሁሉ እዚያ ነው። እኔም አምስት ዓመት ሙሉ ይህንኑ ስሰማ ኖርኩ። ምክሩ ውሸት አይደለም። ግን ያለ ደመወዝ ልምምድ ልሥራ ብዬ አዲስ አበባ ቤት የምከራይበት ገንዘብ ከየት ይመጣል? አባቴ ጡረተኛ ነው፣ እናቴ ሰኞ ገበያ እህል ትሸጣለች። ስለዚህ እዚሁ ቀረሁ። መቅረቴን አሁን አልቆጭበትም። የሚቆጨኝ ሌላ ነገር ነው፤ እሱን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ግን እዚሁ ሆናችሁ ዓለም አቀፍ ሕግ ከምትማሩባቸው መንገዶች ቀላል ቀላሉን። የተባበሩት መንግሥታት የዓለም አቀፍ ሕግ የድምፅና ምስል ቤተ መጻሕፍት በነጻ ነው። ትልልቅ ምሁራን የሰጧቸው ትምህርቶች አሉበት። ኔትወርክ ሲሻል ሌሊት አውርዳችሁ አስቀምጡ።

ሁለተኛው ምስለ ችሎት ነው፤ እኛ ሙት ኮርት የምንለው፣ የሕግ ተማሪዎች በተፈጠረ ጉዳይ ላይ የሚከራከሩበት ውድድር። በዓለም ትልቁ ጄሰፕ የሚባለው ነው፤ ከ1960 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። ከአህጉራችን ደግሞ የፕሪቶሪያ ዩኒቨርሲቲ የሚያዘጋጀው የአፍሪካ ሰብአዊ መብቶች ውድድር ከ1992 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይካሄዳል። እዚህ አገር የቀይ መስቀል ዓለም አቀፍ ኮሚቴ በሰብአዊነት ሕግ ላይ የሕግ ትምህርት ቤቶችን ያወዳድራል። ዕድሉ ከመጣ እንዳያመልጣችሁ። ለከሳሽም ለተከሳሽም እየቆማችሁ ስትከራከሩ አእምሯችሁ ይሰላል። እኔ ብዙ ተምሬበታለሁ። ግን አንድ ጉድለት አለው። ምስለ ችሎት ላይ የተቀመጡት ዳኞች የምትጠቅሱትን ስምምነት አንብበው የመጡ ናቸው። «ማህተሙ የታለ?» የሚላችሁ የለም።

እኔን እንዲህ ያለ ጥያቄ የገጠመኝ በነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከል ስሠራ ነው። እዚያ የሚመጣው ጉዳይ ቀለብ፣ ፍቺ፣ የቤት ኪራይና የመሬት ክርክር ነበር። ከዓለም አቀፍ ሕግ ጋር የሚገናኝ ነገር አገኛለሁ ብዬ አልገባሁም። ማመልከቻ መጻፍ ልልመድ ብዬ ነው የገባሁት።

በነሐሴ አንዲት ሴት መጣች። እትዬ እያልኩ ነበር የምጠራት። ከወለጋ ተፈናቅላ፣ ሐይቅ አካባቢ መጠለያ ከርማ፣ ከዚያ ደሴ ዘመድ ጋ ተጠግታለች። ሰው ቤት ልብስ እያጠበች ነው የምትኖረው። ልጇ ሰባት ዓመቱ ነው። ትምህርት ቤት ልታስመዘግበው ስትሄድ የልደት ምስክር ወረቀት ጠየቋት። ወረቀቱ ከቤቱ ጋር ተቃጥሏል። አንድ መሥሪያ ቤት ሄዳ ስትጠይቅ ደግሞ «መዝገቡ ያለው የተወለደበት ቦታ ነው፤ ሄደሽ አምጪ» አሏት። ሸሽታ ወደ መጣችበት!

እኔ ይህን ስሰማ ልቤ ዘለለ። መልሱን አውቀዋለሁ። በ2009 እ.ኤ.አ. ካምፓላ ላይ የጸደቀው የአፍሪካ ኅብረት የተፈናቃዮች ስምምነት አንቀጽ 13 የጠፋ ሰነድ ስለመተካት ይናገራል። መንግሥት ምትክ ሰነድ ሲሰጥ ተፈናቃዩን ወደ ቀድሞ መኖሪያው ተመለስ እንደ ማለት ያለ ቅድመ ሁኔታ እንዳያስቀምጥ በግልጽ ይከለክላል። የእትዬ ጉዳይ ቁርጥ እሱ ነው። «አይዞሽ እትዬ፣ ይሄ በአንድ ሳምንት ያልቃል» አልኳት። ይህን ቃል መናገር አልነበረብኝም።

ሌሊቱን ቁጭ ብዬ አራት ገጽ ማመልከቻ ጻፍኩ። የስምምነቱን የእንግሊዝኛ ቅጂ ከኢንተርኔት አትሜ አያያዝኩ። በማግስቱ ይዣት ሄድኩ። ተቆጣጣሪ መምህሬን አላማከርኩም። ለምን እንዳላማከርኩ ዛሬም ራሴን እጠይቃለሁ።

ሠራተኛው የመጀመሪያውን ገጽ አየ። ገለበጠው። እንዲህ አለኝ፦ «ካምፓላ የኡጋንዳ ከተማ አይደለች እንዴ? እኛ እዚህ በኡጋንዳ ሕግ አንሠራም።»

ያኔ ዝም ብዬ ቢሆን፣ ወይም «ልክ ኖት፣ የእኛን አዋጅ ነገ ይዤ እመጣለሁ» ብዬ ቢሆን ነገሩ ሌላ መልክ ይይዝ ነበር። እኔ ግን ተቆጣሁ። ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ እየሰማ ስለ ቪየና የስምምነቶች ሕግ አንቀጽ 26 እና 27 አስተማርኩት። አገር የገባችበትን ስምምነት በቅን ልቦና መፈጸም አለባት፣ የውስጥ ሕጌ አይፈቅድም ማለት አይቻልም እያልኩ። ያልኩት ሁሉ ትክክል ነው። ሰውየው ግን ሰው ፊት ተዋረደ። ፋይሉን ዘጋውና «ኃላፊው ሲመጡ» አለ።

ኃላፊው ስብሰባ ናቸው። ኃላፊው ኮምቦልቻ ወርደዋል። ኃላፊው ሥልጠና ላይ ናቸው። «ነገ ነይ።» «ሰኞ ነይ።» ሦስት ሳምንት በዚህ አለቀ። እኔ ተማሪ ነኝ፣ ብመላለስ የሚጎድልብኝ የለም። እትዬ ግን የመጣች ቀን ሁሉ የዕለት ገቢዋን ታጣለች። ከጎኔ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብላ «አንቺስ ደከመሽ ልጄ» ትለኛለች። እኔን ነው የምታጽናናው።

በሰውየው ዛሬም አዝናለሁ። ስምምነቱን አለማወቁ አይደለም ያናደደኝ፤ ሰው ሁሉን አያውቅም። አንዲት እናት በየቀኑ ፊቱ እየቆመች እያየ አንድ ጊዜ እንኳ ወደ በላይ አካል ደውሎ አለመጠየቁ ነው።

በመጨረሻ ለመምህሬ ነገርኩት። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ። «ማጽደቂያ አዋጁ የታለ?»

አልያዝኩም። ኢትዮጵያ ያንን ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 1187/2012 አጽድቃዋለች። ሕገ መንግሥቱ ደግሞ በአንቀጽ 9 ንዑስ አንቀጽ 4 የጸደቁ ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል ናቸው ይላል። ይህን ለፈተና ሸምድጄዋለሁ፣ ሙት ኮርት ላይ ተናግሬዋለሁ። ጠረጴዛ ላይ የማስቀምጠው ወረቀት መሆኑ ግን አልታየኝም። ለቢሮ ሠራተኛ ሕግ ማለት ቁጥርና ዓመተ ምሕረት ያለው፣ በነጋሪት ጋዜጣ የወጣ ነገር ነው። እውነቱን ለመናገር ተሳስቷል አልልም። አንድ ሌላ ችግርም አለ፤ ማጽደቂያ አዋጆቻችን አጫጭር ናቸው፣ የስምምነቱን ሙሉ ቃል ይዘው አይወጡም። አዋጁን ብቻ ብታሳዩት አንቀጽ 13ን አያገኘውም። ስምምነቱን ብቻ ብታሳዩት ኡጋንዳ ይላችኋል። ሁለቱን የሚያገናኘው እናንተ ናችሁ።

አዲሱ ማመልከቻ አንድ ገጽ ነበር። አዋጁን አያያዝን። አንቀጽ 13ን ራሴ ወደ አማርኛ መልሼ ግማሽ ገጽ ላይ አስቀመጥኩት። የልጁን የመመዝገብ መብት ከሕፃናት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 7 ጠቀስኩ። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎትን የመዝገብ ቁጥር 23632 ውሳኔም ጨመርኩ። እዚያ ላይ ችሎቱ የልጅ አስተዳደግ ክርክርን ሲወስን የሕፃናት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 3ን ጠቅሷል። የእኛው ዳኞች በዚህ ሕግ እንደሚሠሩ ማሳያ ነው። ከዚያ እትዬ ከአንድ ቀበሌ አብረዋት የተፈናቀሉ ሦስት ምስክሮች አመጣች። እዚህ ላይ ከእኔ ይልቅ የሠራችው እሷ ናት።

ሌላ ሠራተኛ ተቀበለን። የአዋጁን ቁጥር አነበበ። በማመልከቻው ጠርዝ ላይ በእስክሪብቶ ጻፈው። ሦስቱን ምስክሮች አናገረ። ወረቀቱ በጥቅምት ወጣ።

እንግዲህ የእኔ ምክር ይኼ ነው። የልምምድ መመሪያዎች ታዘቡ፣ ማስታወሻ ያዙ፣ ፋይል አትንኩ ይላሉ። እኔ ንኩ ነው የምለው። አንድ እውነተኛ ማመልከቻ ከአንድ ሴሚስተር ትምህርት ይበልጣል። ግን መምህር ወይም ጠበቃ ሳያየው አንድም ወረቀት ከእጃችሁ እንዳይወጣ። ለባለጉዳይ ቀን አትቁረጡ። መሥሪያ ቤት እምቢ ካላችሁ አትከራከሩ፤ «ምክንያቱን በጽሑፍ ይስጡኝ» በሉና ቀኑን መዝግቡ። በየስምምነቱ የማጽደቂያ አዋጅ ቁጥር የተጻፈበት ደብተር ይኑራችሁ። የእኔ ደብተር አሁን ከአርባ በላይ አለው። ለሥራ ስወዳደር ከውጤቴ ይልቅ ያስጠየቀኝ እሱ ነው።

ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ይሂድ፣ አልከለክልም። ቀድሞ ግን ሐይቅና ደሴ ያለውን ይይ። የካምፓላ ስምምነት የተጻፈላቸው ሰዎች እዚህ በእግራችን መንገድ ላይ ነበሩ። እኛ ግን የምናጠናው የጄኔቫን ስምምነቶች ነበር።

ወረቀቱ በወጣ ቀን እትዬ በላስቲክ ጠቅልላ ደረቷ ውስጥ ከተተችው። አብረን ትምህርት ቤቱ ሄድን። ምዝገባው ከተዘጋ ቆይቷል። «ለሚቀጥለው ዓመት» አሉን። እሷ አልተቆጣችም። እኔ ግን ያቺን ሦስት ሳምንት ቆጠርኳት። የመጀመሪያ ቀን ነጋሪት ጋዜጣውን ይዤ ብሄድ ልጁ በመስከረም ይገባ ነበር።

በቀጣዩ ዓመት ገባ። ከእኩዮቹ አንድ ክፍል ወደ ኋላ ነው።