ሃይ፣ ባይ፣ እሺ

ዛሬ ፍራይ ነኝ፣ እረፍት ማለቴ ነው። ደሞ ዝናብ ነው፣ ዝናብ ስል የሐምሌውን፣ ቆርቆሮ የሚደበድበውን አስባችሁ እንዳትቀኑብኝ፣ የዚህ የጀርመኑ ድምፅም የለው ጉልበትም የለው፣ ዝም ብሎ ከጠዋት እስከ ማታ መስኮት ላይ ሲነፋረቅ ነው የሚውለው። ነገ ፍሩዲንስት፣ የማለዳ ፈረቃ፣ አለኝ። ይሄን ሁሉ አመት ሰርቼም የእሁድ ከሰአት ጭንቀት አለቀቀኝም፣ የቤት ስራ እንዳልሰራ ተማሪ ከዘጠኝ ሰአት ጀምሮ ሆዴን ይበላኛል። እሱን ለመርሳት ነው እንግዲህ ጌሙን የከፈትኩት።

ክሮስኮድን ነው። አዎ አሁንም እሱኑ፣ አትሳቁ። ያ የምታውቁት ጓደኛዬ "ላንተ የተሰራ ነው" ብሎ ከላከልኝ ወዲህ ሌላ ጌም ነክቼ አላውቅም። በፈረንጅ 2018 የወጣ ነው፣ መልኩ ግን ልጆች ሆነን ካሴት እየቀያየርን የምንጫወተውን ነው የሚመስለው፣ ከላይ የሚታይ፣ ፒክስሉ የሚቆጠር፣ ሙዚቃው ጆሮ ላይ ተለጥፎ የሚቀር። መልኩን አይታችሁ የልጅ ነው ብላችሁ እንዳትሸወዱ። እኔ ተሸውጄ ይኸው 31 ሰአት በልቶብኝ ገና ሁለተኛው ትልቅ ቤተመቅደስ ውስጥ ነኝ፣ ፋጅሮ የሚሉት፣ ስሙን ስሰማ ራሱ ያመኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምትጫወቱባት ልጅ ኳስ ትወረውራለች፣ ኳሷ ግድግዳ ላይ እየነጠረች ሄዳ ማብሪያውን መምታት አለባት፣ ማብሪያው ሲመታ አንድ ነገር ይከፈታል፣ የተከፈተው ነገር ደሞ ሳይዘጋ ሁለተኛዋን ኳስ፣ እሷንም ከሙቅ ኳስ ወደ ቀዝቃዛ ኳስ ቀይራችሁ፣ ከሌላ ማእዘን መልቀቅ አለባችሁ። ምን ማድረግ እንዳለብኝ ገብቶኛል እኮ! እሱ ነው የሚያናድደው። ጭንቅላቴ ፈቶታል፣ አውራ ጣቴ ነው እምቢ ያለው። ለቀቅኩ፣ ነጠረች፣ በፀጉር ሳታ አለፈች። ደገምኩ። ደገምኩ። አርባ ደቂቃ አንድ ክፍል ውስጥ፣ ቡናዬ ቀዝቅዞ ከላዩ ቆዳ ነገር አበጀ።

ከዛ እኔ ብቻ ነኝ እንዴ ደደቡ ብዬ ሌላው ተጫዋች ምን እንደሚል ማንበብ ጀመርኩ። ኧረ ብቻዬን አይደለሁም። ግማሹ ውጊያውን ይወዳል፣ ታሪኩን ይወዳል፣ ቤተመቅደሶቹ ግን ረዘሙብን ይላል፣ አንዱን ክፍል ፈታሁ ብለህ በሩን ስትከፍት የሱ ታላቅ ወንድም ቆሞ ይጠብቅሃል። ሌላው ደሞ የሚያማርረው ከፍታውን ነው፣ እውነቱን ነው፣ ከላይ የሚታይ ስለሆነ የትኛው ድንጋይ ከየትኛው ከፍ እንደሚል አይለይም፣ ልጅቷ ጫፍ ስትደርስ ራሷ ነው የምትዘለው፣ አንዷን ሳጥን ለማግኘት ከሁለት ሜዳ ወዲያ መነሻዋን ፍለጋ ትዞራላችሁ። እኔ ግን ይሄኛውን እወደዋለሁ፣ ሰፈር ውስጥ አቋራጭ እንደመፈለግ ነው። ደሞ አሉ፣ ፐዝሉ (እንቆቅልሹ) ነው እንጂ ጌሙ፣ ውጊያው ማጣፈጫ ነው የሚሉ። እነሱ ጋር ቡና አልጠጣም።

ትልቁ ፀብ ግን የማቅለያው ነገር ነው። ጌሙ ውስጥ ሶስት ማስተካከያ አለ፣ አንዱ ስትመታ የሚደርስብህን ጉዳት ይቀንሳል፣ አንዱ ጠላት ቶሎ ቶሎ እንዳያጠቃህ ያደርጋል፣ ሶስተኛው ደሞ ፐዝሉን ራሱን ቀስ ያሰኘዋል። ማንም አያይህም፣ ማንም አይቀጣህም። ግን ሰው ተከፋፍሏል፣ አንዱ ለስራተኛ ሰው የተሰጠ ፀጋ ነው ይላል፣ አንዱ እሱን ከነካህ ጨረስኩ አትበል ይላል። እኔስ? ባለፈው ሳምንት ገብቼ ሶስተኛውን ትንሽ ዝቅ አደረግኩት፣ ከዛ ሼም ያዘኝና መለስኩት፣ ዛሬ ደሞ ገብቼ አየሁት፣ አየኝ፣ ወጣሁ። ቤት ውስጥ ብቻዬን ነኝ ስላችሁ። ከማን ነው ማፍረው?

የሰሩት እኮ እዚሁ ጀርመን፣ ዛርብሩከን ያሉ ልጆች ናቸው፣ ራዲካል ፊሽ ጌምስ ይባላሉ። ዛርብሩከን ከፈረንሳይ ድንበር አጠገብ ነች፣ ለዛ ይሆን እንዴ የልጅቷ ጓደኛ ኤሚሊ ፈረንሳዊት የሆነችው፣ ብዬ አስቤ አውቃለሁ። ኤሚሊን ወድጃታለሁ። አፏ አይዘጋም፣ ነፍሳት ትፈራለች፣ ቤተመቅደስ ስንገባ ማን ቀድሞ ይጨርሳል ብላ ትወራረዳለች፣ እኔ ደሞ አርባ ደቂቃ አንድ ክፍል ውስጥ።

ዋናዋ ልጅ ግን አትናገርም። ሊያ ነው ስሟ (የኛን ሊያዎች እንዳታስቡ፣ እነሱ ሲናገሩ የሚያስቆማቸው የለም)። ታሪኩ ጌም ውስጥ ያለ ጌም ነው፣ የሷ መናገሪያ ሲስተም ተበላሽቷል፣ ስለዚህ ሰርጌይ የሚባለው ሰውዬ ቃላቱን አንድ በአንድ በእጁ እየጻፈ ይጭንላታል። ለዚህ ሁሉ አለም መጀመሪያ የሰጣት "ሃይ" እና ስሟን ነው። ከዛ "ባይ"። ከዛ ቆይቶ አንድ ሁለት። ሰው ረጅም ወሬ ያወራላታል፣ ህይወቱን ይነግራታል፣ እሷ አይኗን ታፈጣለች፣ ጭንቅላቷን ትነቀንቃለች፣ በመጨረሻ "ሃይ!" ትላለች። ብዙ ተጫዋች የወደደላት ይሄንኑ ነው፣ ያለ ቃል ፊቷ ብቻ ስንት ነገር እንደሚናገር። ታሳዝናለች ታስቃለች ይላሉ። እኔ ግን መጀመሪያ ቀን ሳያት ሳቄ አልመጣም። ይቺን ልጅ አውቃታለሁ አልኩ።

የመጀመሪያው አመት የአረጋውያን ቤት ለስራ ስገባ ሰርጌይ የጫነልኝ ሶስት ቃል ነበር፣ "ሃሎ"፣ "ዳንከ" እና "ጌናው"። ጌናውን ያገኘኋት ከሰው ስልክ ወሬ ነው፣ ሁሉም ሰው ጌናው ጌናው ሲል ሰምቼ፣ "በትክክል" ማለት ነው፣ ለሁሉም ትሆናለች ብዬ ያዝኳት። ሆነችም። ለአለቃዬ ጌናው፣ ለአውቶብስ ሹፌሩ ጌናው። ከዛ አንዲት እናት ነበሩ፣ ነፍሳቸውን ይማር፣ አልጋቸውን ሳነጥፍ አንድ ነገር ጠየቁኝ፣ በጣም ኮስተር ብለው። እኔም ፈገግ ብዬ "ጌናው!" አልኳቸው። ለካ "መነፅሬን የሰረቅከው አንተ ነህ?" ነው ያሉኝ። ደወሉን ሲጫኑት ሁለተኛ ፎቅ ድረስ ተሰማ። መነፅሩ ከጥርስ ማስቀመጫ ኩባያቸው ውስጥ ተገኘ፣ እኔ ግን እስከመጨረሻቸው ድረስ ሄር ጌናው (አቶ በትክክል) ሆኜ ቀረሁ።

አሁን ቋንቋው መጥቷል፣ ተመስገን፣ ከኢንሹራንስ ሰው ጋር በስልክ እስከመጣላት ደርሻለሁ። የሚገርመው ሌላው ነው። እማዬ እሁድ እሁድ ከቤተክርስቲያን መልስ ትደውላለች። ማን እንደታመመ፣ ማን እንዳገባ፣ ውሃ በስንት ቀን እንደመጣ፣ የእድሩ ድንኳን ተቀደደ፣ ተሰፋ፣ ደሞ ተቀደደ፣ አንድ ሰአት ታወራለች። የኔን መልስ ዛሬ ቁጭ ብዬ ቆጠርኩት። ደህና ነኝ። በላሁ። ይበርዳል። እሺ። ስትመርቀኝ ደሞ አሜን። አለቀ። አምስት። አማርኛ እኮ አፌን የፈታሁበት ነው፣ እዚህ ለናንተ ይኸው ስንት ገፅ እየለፈለፍኩ ነው፣ እሷ ስትደውል ግን መናገሪያዬ ይቃጠላል። ምን ልበላት፣ ስለ ሽንት ጨርቅ ላውራላት፣ ስለ ፋጅሮ ላውራላት? "የኔ ልጅ ድምፅህ ጠፋ" ስትለኝ "ኔትወርኩ ነው" እላለሁ። ስድስት ሆነ።

ደሞ ጆሮዬም ከሷ ጋር አይደለም፣ ልንገራችሁ ካልኩ አይቀር። ባለፈው እሁድ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጌ፣ የጌሙን ድምፅ ዘግቼ፣ ይቺኑ ክፍል እየሞከርኩ ነበር። ኳሷ ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለተኛው ግድግዳ ላይ በትክክል ነጠረች፣ ትንፋሼን ያዝኩ፣ እማዬ የሆነ ነገር እያለች እያለች ቆይታ "እንግዲያው ልንገራቸው በቃ?" አለች። "እሺ እማዬ" አልኩ። ኳሷ ሳተች። እማዬ ግን "ተመስገን! ተመስገን አምላኬ!" ብላ አለቀሰች፣ ከኋላዋ አንድ ሴትዮ እልል አለች፣ ከዛ ካርዷ አልቆ መሰለኝ ተቋረጠ።

እኔም ወደ ኳሴ ተመለስኩ።

አሁን ነው ትዝ ያለኝ፣ ይሄን እየጻፍኩ። ምኑን ነው የምትነግራቸው? ለነማን? እልል የምታስብለው ሴትዮ ማናት? ከዛ ወዲህ አልደወለችም፣ ዛሬም እሁድ ሆኖ ያለወትሮዋ ይኸው አስራ አንድ ሰአት ሊሆን ነው። ራሴ እንዳልደውል ደሞ ምን ብዬ ልጀምር፣ ሃይ?