ታኬታውን የሰጠው ልጅ

ሐዋሳ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የምክር አገልግሎት እሰጣለሁ። ይሄን የዐሥረኛ ክፍል ልጅ ዩኒት ሊደሩ ነው የላከልኝ፤ ክፍል ውስጥ ይተኛል፣ ሲጠሩት ይቆጣል፣ ውጤቱም ወርዷል። «ጫት ጀምሮ ነው፣ ወላጅ ያምጣ» አለኝ። እዚህ የጎረምሳ ነገር ሁሉ መጀመሪያ የሚሳበበው በጫት ነው።

እኔን ያስደነገጠኝ የቡድን ጓደኛው የነገረኝ ነው። ልጁ ኳስ ትቷል፤ ገንዘብ አጠራቅሞ የገዛውን ታኬታም «ከእንግዲህ አያስፈልገኝም» ብሎ ሰጥቶታል። ድብርት ጎረምሳ ላይ ሁልጊዜ በትካዜ አይመጣም፤ ብዙ ጊዜ ንጭንጭና ቁጣ ሆኖ ነው የሚታየው። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከዘለቀ፣ የሚወደውን ካስጠላው፣ እንቅልፉንና ምግቡን ካዛባው «ዕድሜው ነው» ብሎ ማለፍ አይቻልም። የሚወዱትን ዕቃ ማደል ሲጨመርበት ደግሞ ለነገ የሚባል አይደለም።

ውጤቱን አላነሳሁበትም፤ እንቅልፉን ጠየቅሁት። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከነቃ ተመልሶ እንደማይወስደው ነገረኝ። ትንሽ አውርተን «መሞትን አስበህ ታውቃለህ?» አልኩት። እንዲህ መጠየቅ ሐሳቡን ያስገባበታል የሚሉ ባልደረቦች አሉኝ፤ አያስገባም።

«አንዳንዴ» አለ። ቆይቶ «ቲቸር፣ ለእማዬ እንዳይነግሯት።»

ቃል አልገባሁለትም። ሕይወቱን የሚነካ ነገር ደብቄ እንደማልይዝ፣ ምን እንደምንነግራቸው ግን አብረን እንደምንወስን አስረዳሁት። እናቱ እስኪመጡም ብቻውን አልተውኩትም።

እናትየው ሲሰሙ መጀመሪያ ያሉት «ጠበል ልውሰደው?» ነው። «ይውሰዱት፣ ዛሬ ግን ሐኪም ይየው» አልኳቸውና በባጃጅ አብረን ሪፈራል ሆስፒታል ሄድን። ሐኪሙ የደም ማነስና የእንቅርት ዕጢ ችግር እንዳይሆን ደም አስመረመረ፤ ከዚያ የድብርት መድኃኒትና የምክር ቀጠሮ ተጀመረ።

በሳምንቱ እናትየው «ለውጥ የለውም፣ ላቋርጠው?» ብለው ደወሉ። መድኃኒቱ ለመሥራት ሳምንታት ይፈልጋል፤ በወጣቶች ላይ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሞት ሐሳብ ሊብስ ስለሚችል ከዓይን መራቅ የለበትም። ሐኪሙን ሳያማክሩ እንዳያቋርጡ ነገርኳቸው። አሁን መድኃኒቱን ቆልፈው አስቀምጠው በየቀኑ በእጃቸው ይሰጡታል። ጠበሉም አልቀረም፤ ሐኪሙ መድኃኒቱ እስካልተቋረጠ ድረስ አልተቃወመም። ቀጠሮው ከሒሳብ ክፍለ ጊዜ ጋር ስለሚጋጭ መምህሩን ማስፈቀድ የእኔ ድርሻ ሆኗል።