ፀበሉም ኬሞውም፦ እኛ ቤት እንዴት እንደሆነ

ቤታችሁ ኬሞ፣ ማለትም የካንሰር መድኃኒት፣ የሚጀምር ሰው ካለ፣ ከሐኪሙ ቀጥሎ ቶሎ ማነጋገር ያለባችሁ የንስሐ አባቱን ነው። ይህን የምለው ለመንፈሳዊነት ብዬ አይደለም፤ ኬሞው እንዳይቋረጥ ብዬ ነው።

ታናሽ ወንድሜ ሆጅኪን ሊምፎማ የሚባል ካንሰር ሲገኝበት ቤታችን የተነሳው ክርክር «ፀበል ወይስ ኬሞ?» የሚል ነበር። እማዬ ባንድ ወገን። ጴንጤ የሆነችው አክስቴ በሌላ ወገን፣ «ተፈውሷል በሉና አመስግኑ!» እያለች። እኔ የባዮፕሲውን፣ የናሙና ምርመራውን፣ ውጤት ይዤ መሃል ላይ። ወንድሜ ስልኩን ይነካካል።

የንስሐ አባቱን፣ አባን፣ ቤት ጠራኋቸው። ቡናው ሳይፈላ መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38ን አወጡና እግዚአብሔር መድኃኒትን ከምድር እንደፈጠረ የሚለውን ለእማዬ አነበቡላት። ከዚያ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤችአይቪ መድኃኒትና ፀበል አብረው ይሄዳሉ ማለታቸውን አስታወሷት። እኔ አንድ ሳምንት ስለፈልፍ ያልሰማችኝ ሴትዮ በአንድ ስኒ ቡና ዝም አለች።

ኬሞው ኢንፌክሽን የሚከላከለውን ነጭ የደም ሕዋስ ስለሚያወርድ ያልፈላ ውሃ መጠጣት ያሰጋል። አባም «ይረጭ፣ መጠጣቱ ይቆይ» አሉ። ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት የመጣው ቢጫ ጀሪካን አልጋው ሥር ተቀመጠ፤ ጠዋት ጠዋት ግንባሩ ላይ ይረጫል፣ አለቀ። ሁዳዴ ሲገባም ያው ነው። የታመመ አይጾምም ተባለ፣ እማዬም ራሷ እየጾመች እንቁላል ትቀቅልለት ጀመር፤ ጎረቤት እንዳያይ ግን ቅርፊቱን በፌስታል ጠቅልላ ነበር የምትጥለው።

በየሁለት ሳምንቱ ከፒያሳ ቁልቁል ወደ ጥቁር አንበሳ እንወርዳለን። ከመድኃኒቶቹ አንዱ፣ ዶክሶሩቢሲን የሚባለው፣ ቀይ ነው፤ ሽንትንም ያቀላል። ይህን ቤት ላለው ሰው ሁሉ አስቀድማችሁ ንገሩ። እኛ ተነግሮን እንኳን እማዬ ሽንት ቤት ገብታ «ደም! ልጄ አለቀልኝ!» ብላ ግቢውን አተራመሰችው።

ዋናው ግን ትኩሳት ነው። 38 ዲግሪ ከደረሰ እስኪነጋ አይጠበቅም፣ ኢንፌክሽኑ በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል። አንድ ሌሊት ቴርሞሜትሩ ከ38 አለፈ፣ እማዬ እምነት ልቀባውና ዳዊቴን ልድገም ስትል እኔ ጫማዋን አቀበልኳትና «እየሄድን ድገሚ» አልኳት። ራይድ ጠራን። እሷ ከኋላ ዳዊት ትደግማለች፣ አክስቴ ስልኩ ላይ በላውድ እየጮኸች ትጸልያለች፣ ሹፌሩ ሬዲዮውን ዘጋና «አላህ ያሽረው» አለን። እንደደረስን አንቲባዮቲክ በደም ሥሩ ተጀመረለት።

አንድ ነገር ላይ ግን ከሁሉም ጋር ተጣልቻለሁ። ሰው ይጸልይለት እንጂ «ጸልይ፣ እምነትህ ስላነሰ ነው» አይባልም። አፉ ብረት ብረት እያለው፣ የእንጀራ ሽታ እያቅለሸለሸው ለተኛ ልጅ ይህ ሌላ ሸክም ነው። የሚጸልይበት ቀን ነበረው፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ የሚያዞርበትም ቀን። እንዲህ ያለውን ነገር የሚያመጣ ጠያቂ ሲመጣ በር ላይ ቆሜ «ተኝቷል» እላለሁ። እማዬ «ሰው ምን ይለናል?» ትላለች። ይበል!

አሁን ሕክምናው አልቆ ክትትል ላይ ነው። እማዬ ለኪዳነ ምሕረት ጥላ ተስላለች። እሱ ከመጀመሪያ ደሞዜ እከፍላለሁ ሲላት «ስለት በዱቤ የለም» ብላ ዕቁቧን እየጠበቀች ነው። አክስቴ ደግሞ ቸርች ሄዶ እንዲመሰክር ቀን አስይዛለት ነበር። የሲቲ ስካን ቀጠሮ አለኝ ብሎ አመለጠ።