የእናቴን ሱቅ ሽያጭ በቤዚክ ስደምር፦ ሦስተኛ ሳምንት

አብራችሁኝ ለምትማሩ፣ በተባባልነው መሠረት የዚህን ሳምንት ውሎዬን ላካፍላችሁ። ሥራዬ ያው ነው፤ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሥር ያለችው የእናቴ ሱቅ የምታገኘውን ሽያጭ አሮጌው ላፕቶፕ በኪውቤዚክ፣ ማለትም በቤዚክ የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ አንዱ ዓይነት፣ እንዲደምርልን ማድረግ።

መጀመሪያ 250 እና 75 ብር አስገብቼ 25075 ሰጠኝ። ጥፋቱ ከተለዋዋጮቹ፣ ማለትም ያስገባሁትን ከሚይዙት ዕቃዎች፣ ስም ኋላ ያስቀመጥኩት የ$ ምልክት ነበር። ምልክቱ ከገንዘብ ጋር አይገናኝም፤ «ይህ ጽሑፍ ነው» ማለት ነው። ጽሑፍ ላይ + ሲያርፍ ደግሞ አይደምርም፣ ይቀጥላል። ምልክቱን ሳነሣው 325 ወጣ።

«ድምር = ድምር + ሽያጭ» የሚለው አጻጻፍም ያስቸግረኝ ነበር፤ በሒሳብ ደብተር ላይ ስሕተት ነውና። ኬሜኒና ከርትዝ የተባሉ የሒሳብ መምህራን በአሜሪካው ዳርትመዝ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1964 ቤዚክን ሲያወጡ ከፊቱ «ሌት» የሚል ቃል ግዴታ እንደነበር ካወቅሁ በኋላ ግን ተገለጠልኝ። በአማርኛ «ይሁን» ማለት ነው። የቀኝ እጁ ይሰላል፣ ውጤቱ በግራው ስም ይቀመጣል። አሁን ሳነበው «ድምር፣ የቀድሞው ድምርና ሽያጩ ይሁን» እላለሁ።

ሁለት ሌሊት ያስመሸኝ ሌላው ነው። የሳምንቱ መጀመሪያ ሽያጭ 18,500፣ የመጨረሻው 16,200 ነበር። ሁለቱን በ% ምልክት፣ ማለትም በአጭር ሙሉ ቁጥር ይዤ፣ ድምሩን ለረጅሙ ሙሉ ቁጥር፣ ለ& ሰጠሁት። ፕሮግራሙ ከአቅም በላይ ሆነ ብሎ ቆመ። አጭሩ ሙሉ ቁጥር 16 ቢት ስለሆነ ከ32,767 አያልፍም፤ ይህን አውቅ ነበር። ድምሩ የሚገባበት ዕቃ ግን እስከ 2,147,483,647 ይይዛል! ታዲያ ለምን ሞልቶ ፈሰሰ? መልሱን ያገኘሁት መስመሩን በወረቀት ላይ ደረጃ በደረጃ ስከተል ነው። መደመሩ የሚከናወነው መቀመጫው ከመታየቱ በፊት ነው። ሁለቱም ተደማሪዎች አጭር ከሆኑ ድምሩም በአጭር ይሠራል፣ 34,700 ደግሞ አይገባበትም። ከተደማሪዎቹ አንዱን ብቻ ወደ & ስቀይር ችግሩ ጠፋ። እናንተም ድምር ሲያስቸግራችሁ ከመቀመጫው ይልቅ በመጀመሪያ ተደማሪዎቹን ፈትሹ።

ቅዳሜ ማታ እናቴ ውጤቱን በደብተሯ ከደመረችው ጋር አስተያየችው፤ አንድ ነው። የሚቀጥለው ሳምንት ሥራዬ የዱቤ መዝገቡ ነው።