የኩዊልት ፓተርን እንዴት እንደምሠራ፣ ሻንጣዬ ውስጥስ ምን እንዳለ

ከሥራዬ ውስጥ ትንሹ መስፋቱ ነው። ይሄን ስል ብዙ ሰው አያምነኝም። የኩዊልት ፓተርን ዲዛይነር ሲባል ቀኑን ሙሉ በባለቀለም ጨርቅ ተከቦ የሚውል ሰው ነው የሚታያቸው። አብዛኛውን ቀን ግን እርሳስ፣ ካልኩሌተርና ኮምፒውተር ላይ አቀርቅሬ ነው የምውለው። የቀረውን ደግሞ "ይሄን ዓረፍተ ነገር አንድ ጀማሪ ቢያነበው ምን ይቆርጥ ይሆን?" እያልኩ ስጨነቅ።

ለማያውቀው ባጭሩ፣ ኩዊልት ባለ ሦስት ንብርብር ብርድ ልብስ ነው። ከላይ ከብዙ ቁርጥራጭ ጨርቅ የተገጣጠመው ፊት አለ፣ መሃል ላይ ሙቀት የሚሰጠው የጥጥ ንጣፍ፣ ከታች ገበሩ። ሦስቱን አንድ ላይ የሚይዛቸው ከላይ እስከ ታች ዘልቆ የሚያልፍ ስፌት ነው፤ ዳር ዳሩ በቀጭን ጨርቅ ይከፈፋል። እኔ የምሸጠው ብርድ ልብሱን አይደለም። ፓተርኑን፣ ማለትም የአሠራር መመሪያ ወረቀቱን ነው። ምን ያህል ጨርቅ እንደሚገዛ፣ በስንት እንደሚቆረጥ፣ የቱ ከየቱ ቀድሞ እንደሚሰፋ የሚናገረውን።

የጀመርኩት የድሮ ቅርጾችን በመፈታታት ነው። ኩዊልት የሚገጣጠምበት ካሬ "ብሎክ" ይባላል፤ ናይን ፓች (ዘጠኝ ካሬ)፣ ሎግ ካቢን (በመሃል ካሬ ዙሪያ የተደረደሩ ቀጫጭን ቁራጮች)፣ ፍላይንግ ጊስ (አንድ ትልቅ ሦስት ማዕዘን በሁለት ትንንሾች ታጅቦ) የሚባሉት ስንት ትውልድ የሰፋቸው ናቸው። ካንሳስ ሲቲ ስታር የተባለው የአሜሪካ ጋዜጣ ከ1928 እስከ 1961 (እ.ኤ.አ.) ድረስ እንዲህ ያሉ ንድፎችን ያትም ነበር። የድሮ ብሎክ የማንም የግል ንብረት አይደለም፤ ማንም አንስቶ ሊሠራበት ይችላል። የእኔ የሚሆነው አደራደሩን የምገልጽበት ጽሑፍና ሥዕሉ ነው። እናም አንዱን ብሎክ በባለ ካሬ ወረቀት እሥለዋለሁ፣ ከዚያ መጥፋት የሚችል መስመር እፈልጋለሁ። ይሄ መስመር ቢነሳስ? አንዱ ማዕዘን ቢገለበጥስ? ደስ የሚለው ነገር ብሎኩ ራሱ ሳይሆን አራት አምስቱን ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው ነው፤ በመጋጠሚያው ላይ ማንም ያልሣለው ሌላ ቅርጽ ብቅ ይላል፣ ኮከብ ወይም ዚግዛግ። ያ ቅርጽ ካልመጣ ብሎኩ የቱንም ያህል ቢያምር እተወዋለሁ።

ቀለም እስከዚህ ድረስ የለም። መጀመሪያ በጥቁር፣ በነጭና በግራጫ ብቻ ነው የምሠራው፤ ምክንያቱም ከሩቅ ቅርጹን የሚያሳየው ቀለሙ ቀይ መሆኑ ወይም ሰማያዊ መሆኑ ሳይሆን ጠቆር ወይም ነጣ ማለቱ ነው። ጨርቅ ከመረጥኩ በኋላም በስልኬ ፎቶ አንስቼ ወደ ጥቁርና ነጭ እቀይረዋለሁ። ሁለቱ ጨርቆች አንድ ዓይነት ግራጫ ከሆኑ በቃ፣ አንዱ ይቀየራል።

ከዚያ ሒሳቡ ይመጣል። ኩዊልት የሚተዳደረው በሩብ ኢንች ነው፤ ለስፌት ከየጎኑ የሚተወው ትርፍ ማለት ነው። ተሰፍቶ 4 ኢንች የሚሆን ካሬ ከፈለጋችሁ 4½ ትቆርጣላችሁ። እስካሁን ቀላል ነው። ጉዱ ሦስት ማዕዘን ሲመጣ ነው። ካሬን በሰያፍ ለሁለት ከፍሎ ለሚገኝ ሦስት ማዕዘን የሚጨመረው 7/8 ኢንች ነው። ሹሉ ጫፍ ላይ ሩብ ኢንች ለመተው ጨርቁ ከሩብ ኢንች በላይ መርዘም ስላለበት ነው፤ በትክክል ሲሰላ 0.854 አካባቢ ይመጣል፣ እንዲህ ያለ ቁጥር ማስመሪያ ላይ ስለሌለ ወደ 7/8 ተጠጋጋ። እኔ ግን "1 ኢንች ጨምሩ" ብዬ ነው የምጽፈው። ሁለት ካሬዎች ፊት ለፊት ይገጠማሉ፣ በሰያፍ ይሰመራል፣ ከመስመሩ ግራና ቀኝ ሩብ ሩብ ኢንች እየራቁ ይሰፋል፣ ከዚያ መስመሩ ላይ ይቆረጣል። ሁለት ባለ ሁለት ቀለም ካሬ ይወጣል። ትንሽ ስለሚተልቅ በማስመሪያ ይከረከማል። ጨርቅ ታባክኛለሽ የሚሉኝ አሉ። አዎ፣ 1/8 ኢንች አባክናለሁ። ያልገጠመ ጫፍ ተርትሮ መልሶ ከመስፋት እሱ ይሻለኛል።

ስፌቱ ትንሽ ሰፋ ቢል ምን ይመጣል ለምትሉ ደግሞ ይሄን አስቡ። ትርፉ በ1/16 ኢንች ብቻ ቢበዛ ከሁለቱም ጨርቅ ስለሚበላ በአንድ ስፌት 1/8 ኢንች ይጠፋል። 16 ካሬ በተደረደረበት ረድፍ ላይ 15 ስፌት አለ። ድምሩ ወደ 2 ኢንች ይጠጋል። ጎረቤቱ ረድፍ በትክክል ከተሰፋ ሁለቱ በምንም ተአምር አይገጥሙም፤ ሰውየው ደግሞ ጥፋቱ የፓተርኑ ነው ብሎ ያስባል። ስለዚህ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ሁልጊዜ አንድ ትንሽ መለማመጃ አለ፦ ሦስት ባለ 1½ ኢንች ቁራጮችን ስፉ፣ ተኩሱ፣ የመሃለኛውን ለኩ። ልክ 1 ኢንች ካልሆነ ወደ ገጽ 2 አትለፉ።

የጨርቅ ስፋትም ሌላ ወጥመድ ነው። የኩዊልት ጥጥ ብዙ ጊዜ 44 ኢንች ስፋት አለው ይባላል። ነገር ግን ከግራና ቀኝ ያለው ጠንካራ ጠርዝ ይቆረጣል፣ ሲታጠብም ይሰበሰባል። እኔ የማሰላው በ40 ነው። ልዩነቱ ቀላል እንዳይመስላችሁ። 5½ ኢንች የሆነ 100 ካሬ ያስፈልጋል እንበል። በ44 ካሰላችሁ በአንድ መስመር 8 ይወጣል፣ 13 መስመር ይበቃል፣ 71½ ኢንች፤ ማለትም 2 ያርድ አፍ እስከ ገደፉ (አንድ ያርድ 36 ኢንች ነው)። በ40 ሲሰላ ግን በመስመር 7 ብቻ ነው፣ 15 መስመር ይፈልጋል፣ 82½ ኢንች። በ2 ያርድ የገዛው ሰው መሃል ላይ ጨርቅ አለቀበት ማለት ነው፣ ያው ጨርቅ ደግሞ ከገበያ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። እኔ 2½ ያርድ እጽፋለሁ። ቢተርፍ ማንም አልተማረረብኝም።

አሁን ወደ ጽሑፉ። አንዲት ዓረፍተ ነገር ላይ ግማሽ ቀን ማሳለፍ ለእኔ ብርቅ አይደለም። "ካሬዎቹን በሰያፍ ቁረጡ" የሚለውን ብቻ ውሰዱ። ስንት ጊዜ? አንዴ ከተቆረጠ ሁለት ሦስት ማዕዘን ይወጣል፤ ሁለቴ፣ በኤክስ ቅርጽ ከተቆረጠ አራት። ጉዳዩ የብዛት ብቻ አይደለም። ጨርቅ በድሩና በማጉ አቅጣጫ ብትስቡት ይጸናል፣ በሰያፍ ግን ይለጠጣል። አንዴ የተቆረጠው ሦስት ማዕዘን ላይ የሚለጠጠው ረጅሙ ጎን ነው፣ ሁለቴ በተቆረጠው ላይ ደግሞ ሁለቱ አጫጭር ጎኖች። ብሎኮቹ በሰያፍ ሲደረደሩ ዳር ላይ የሚገቡት ሦስት ማዕዘኖች ረጅሙ ጎናቸው ወደ ውጭ ነው፤ ስለዚህ ሁለቴ ከተቆረጠ ካሬ መምጣት አለባቸው። የብርድ ልብሱ አራት ማዕዘኖች ላይ የሚገቡት ግን አንዴ ከተቆረጠ። ይሄ ከተምታታ ብርድ ልብሱ ዳሩ ይሞገዳል፣ ወለል ላይ ሲዘረጋ አይተኛም፣ የቱም ካውያ አያድነውም። እና አሁን "ሁለት ጊዜ በሰያፍ ቁረጡ፤ ከአንዱ ካሬ አራት ሦስት ማዕዘን ይወጣል" እላለሁ። ከእያንዳንዱ ቆረጣ በኋላ ስንት ቁራጭ እጅ ላይ መኖር እንዳለበት መጻፍ ትንሽ ነገር ነው፣ ግን ስንቱን ከመተርተር አድኗል።

ለማተሚያም ቢሆን፣ በልኩ የሚቆረጥ ቅርጽ ካለ ገጹ ላይ 1 ኢንች በ1 ኢንች የሆነ የመለኪያ ካሬ አደርጋለሁ፤ ብዙ ፕሪንተር ራሱ "ገጹን ይሙላ" ብሎ ስለሚያሳንሰው። ኤ4 እና ሌተር የሚባለው የአሜሪካ ወረቀት እኩል አይደሉም፤ ሌተር ያጥራል፣ ኤ4 ይጠብባል። ቅርጹ ሁለቱም ላይ እንዲገባ ነው የማደርገው።

ፓተርኑ ሲያልቅ ወደ ሞካሪዎች ይሄዳል። እዚህ ላይ ምክሬ አጭር ነው። ጎበዝ ጎበዞቹን ብቻ አትምረጡ። ጎበዝ ሰው ጉድለቱን ሳያውቀው በእጁ ያስተካክለዋል፣ ለእናንተም "በጣም አሪፍ ነው" ይላችኋል። የምትጠቅማችሁ እንደተጻፈው የምታደርገዋ ናት።

ለማስተማር የምሄደው ጉዞ ደግሞ ሌላ ሙድ አለው። አሜሪካ፣ ሂዩስተን ውስጥ ከ1970ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ትልቅ የኩዊልት ፌስቲቫል ይካሄዳል። ኬንታኪ ውስጥ ያለችው ፓዱካ ደግሞ በኩዊልት የታወቀች ትንሽ ከተማ ናት፤ ከ1991 ጀምሮ ሙዚየም አላት፣ ዩኔስኮም በ2013 በዕደ ጥበብ ከፈጠራ ከተሞች ተርታ መድቧታል። እዚህ ቦታዎች ስሄድ ሰው የማይነግረኝን የምሰማው ኤግዚቢሽኑ ላይ አይደለም። ክፍል ውስጥ ሳስተምር ነው። እኔ ፊት ለፊት አልቆምም፤ ከተማሪዎቹ ኋላ ነው የምዞረው። የምመለከተው ስፌታቸውን ሳይሆን ወረቀቱን ነው። ገጽ ገልጣ፣ ትንሽ አንብባ፣ ተመልሳ ወደ ኋላ የምትገልጥ ተማሪ ካየሁ የገጹን ቁጥር ማስታወሻዬ ላይ እጽፋለሁ። ሰው ጥያቄ የሚጠይቀው በጣም ከተቸገረ በኋላ ነው፣ ገጽ አገላለጡ ግን ቀድሞ ይናገራል። ሥዕሉና ጽሑፉ አንድ ገጽ ላይ እንዲሆኑ የማደርገው ከዚያ ወዲህ ነው፤ ወረቀቱ ቢበዛም ይብዛ። ግራኝ ተማሪዎችንም ያስተዋልኩት ከኋላ ሆኜ ነው። ማስመሪያውን የሚይዙት በሌላኛው በኩል ስለሆነ ሥዕሉን በሐሳባቸው መገልበጥ አለባቸው። አሁን የቆረጣ ሥዕሎቼ ላይ እጅም ምላጭም የለም፣ የሚቆረጠው መስመር ብቻ ነው ያለው።

ስለ ሻንጣ ላውራ። ናሙና ኩዊልት ታጥፎ አይሄድም፣ ይጠቀለላል፤ የታጠፈበት መስመር ፎቶ ላይ እንኳ ይወጣል። ማጠፍ ግድ ከሆነ በሰያፍ እጠፉት፣ ምልክቱ ቶሎ ይለቃል። ተሽከርካሪ ምላጭ ያለው መቁረጫ በእጅ ሻንጣ አይገባም፣ ፍተሻ ላይ ይወስዱባችኋል፤ ጭነት ሻንጣ ውስጥ አድርጉት። ናሙናዎቹ ግን ከእጄ አይለዩም። አንድ ጊዜ አንድ አየር መንገድ ጨርቆቼ የነበሩበትን ሻንጣ ሌላ ከተማ አድርሶ እኔ ባዶ እጄን ክፍል ገባሁ። ምን ይደረግ? ባለቀለም ወረቀት አስገዝቼ ብሎኩን በመቀስና በሙጫ አሠራኋቸው። ወረቀት አይለጠጥም፣ አይተኮስም፣ የተሳሳተ ቦታ ቢገባም ተነስቶ ይለጠፋል። ሻንጣው በማግስቱ ሲመጣ ተማሪዎቹ ጨርቁን ሲይዙ የቱ የት እንደሚገባ ያውቁት ነበር። ዛሬ ሻንጣዬ ቢደርስም ባይደርስም ትምህርቱን የምጀምረው በወረቀት ነው።

ከጉዞዎቼ ሁሉ ግን ሥራዬን እንድጠራጠር ያደረገኝ የጂስ ቤንድ ኩዊልቶችን ማየቴ ነው። ጂስ ቤንድ በአላባማ ወንዝ ቀለበት ውስጥ ያለ የጥቁር አሜሪካውያን መንደር ነው። እዚያ ያሉ ሴቶች ካረጀ የሥራ ልብስ የሰፏቸው ብርድ ልብሶች በ2002 በኒው ዮርክ ዊትኒ ሙዚየም ታይተዋል፣ በ2006 የአሜሪካ ፖስታ ቴምብር ላይ ወጥተዋል። ሚዙሪ ፔትዌይ በ1942 የሟች ባሏን የሥራ ልብስ ቆራርጣ የሰፋችው አለ። መስመሩ ቀጥ ያለ አይደለም፣ የነጣው ቦታ እንደነጣ ነው፣ ግን ዓይን ይይዛል። የእኔ ሩብ ኢንች እዚያ ምንም ቦታ የላትም። ማንም ፓተርን ሳያስፈልገው እንዲህ ያለ ሥራ ከተሠራ እኔ ምን እሸጣለሁ ብዬ ለጥቂት ጊዜ ግራ ገባኝ።

ከዚያ በኋላ ልኬት የሌለው ፓተርን ሞከርኩ። "በግምት የእጃችሁን መዳፍ ያህል ቁረጡ" የሚል። ክፍል ውስጥ ሳወጣው ግማሹ ተማሪ በደስታ መቀሱን አነሳ፣ ግማሹ መቀሱን ይዞ ቀረ። "መዳፌ ትንሽ ቢሆንስ?" አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ለእነሱ ቁጥር ማለት ጨርቁን ላለማበላሸት የያዙት ዋስትና ነው። አሁን ሁለቱንም አስቀምጣለሁ። በግራ ዓምድ ትክክለኛው ልክ፣ በቀኝ ዓምድ "ከዚህ እስከዚህ ቢሆን ችግር የለም" የሚል ስፋት። በጣም የሚሸጥልኝ የትኛው ነው ካላችሁ፣ ባለ ሁለት ዓምዱ ነው። ያልጠበቅኩት ይሄን ነው።

በገቢ በኩል በፓተርን ሽያጭ ብቻ መኖር ከባድ ነው። እኔ ሽያጩን ከማስተማር ጋር አዳብዬ ነው የምንቀሳቀሰው፤ ጉዞ የበዛበት ወር ላይ አዲስ ነገር አይሣልም፣ ለሥዕል የተቀመጥኩበት ወር ላይ ደግሞ የትም አልሄድም። ሁለቱን አንድ ሳምንት ውስጥ ለማስኬድ የሞከሩ ጓደኞች አሉኝ፣ ሲያማርሩ ነው የምሰማቸው።

አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ያለው የፍላይንግ ጊስ ፓተርን ነው። ሁለት ሞካሪዎች፣ ሳይተዋወቁ፣ ገጽ 3 ላይ ቆመዋል፤ ትልቁ ካሬ ላይ ትንንሾቹን ካስቀመጡ በኋላ የቱ ማዕዘን መጀመሪያ እንደሚተኮስ አልገባቸውም። ሒሳቡ ትክክል ነው፣ ሥዕሉም አለ፣ ግን ቀስት የለበትም። ዛሬ ቀስቱ ይጨመራል፣ ነገ ለሦስተኛ ሰው ይላካል። እሷም ገጽ 3 ላይ ከቆመች ገጹ እንዳለ ይቀደዳል።