ደረቷን ሳይ ያደርኩባት ሌሊት

ልጄ የተወለደችው በ32ኛው ሳምንት ነው። ትናንት ሌሊት ከጎኔ ባለው አልጋዋ ላይ እንደተኛች ትንፋሿ ቀጥ አለ። ዓይኔን ደረቷ ላይ ተክዬ ቆጠርኩ። ከ10 ሰከንድ ያነሰ ፋታ በጨቅላዎች የተለመደ ነው፤ 20 ከሞላ ወይም ከንፈር ከጠቆረ ግን አደጋ ነው። 14 ላይ የከንፈሯ ዳር ሰማያዊ ሆነ። ውስጥ እግሯን ጫር ጫር፣ ጀርባዋን አሸት አሸት ሳደርጋት በረጅሙ ተንፍሳ አለቀሰች። ልቅሶ እንደዚያ ጣፍጦኝ አያውቅም! (መነቅነቅ ፈጽሞ አይገባም፤ አንጎልን ይጎዳል።) ባትነቃ ኖሮ አፍና አፍንጫዋን በአፌ ሸፍኜ ትንፋሽ ልሰጣት፣ ባለቤቴም አምቡላንስ ሊጠራ ነበር።

እናቴ «እንቅልፍ ከብዷት ነው» ብለው ሊያጽናኑኝ ሞከሩ። እኔ ግን ሳይነጋ ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ይህን የምጽፈው ከአልጋዋ አጠገብ ሆኜ ነው፤ የኦክስጅን መለኪያው ቀይ መብራት በትንሿ እግሯ ላይ ይበራል።